ጋዲሳ እንዳይነካ የተባለው ጎማ

አምቦ ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ሁሉ፣ የጭነት መኪናም ይንዳ ጋሪ፣ ወደ ጉደር መውጫ ያለውን የጋዲሳን ጎሚስታ ቤት ሳይረግጥ አይቀርም። ቤት የምንለው ለክብሩ ነው። ነገሩ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አንድ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ውሃ የተሞላ በርሜልና ዕድሜው የማይታወቅ ኮምፕረሰር ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ እስኪያጅበው ድረስ ይጮኻል። ከመንገዱ ዳር በተሰቀለ አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም «ዘመናዊ ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፏል። «ዘመናዊ» የምትለዋን ቃል አቧራ ከሸፈናት ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ የሚጠርጋትም የለም።

ጋዲሳ የተወለደው ከጌዶ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በልጅነቱ ሀብት ፍለጋ አዲስ አበባ ለመግባት በበቆሎ ጭነት ላይ ተሳፍሮ ተነሣ። መኪናው አምቦ ሲደርስ ጎማው ፈነዳ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጥላ ፈልገው ሲጋደሙ እሱ ጎሚስታው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ሲያይ ዋለ። መኪናው ተጠግኖ ሄደ፤ ጋዲሳ ግን እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬም አዲስ አበባን የሚያውቃት ከሌሎች ጎማ ላይ በሚፍቀው ጭቃ ነው ይባላል።

አሁን ሃምሳን የተጠጋ፣ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ የሚሄድ፣ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተጠማዘዙ ሰው ነው። ጎማን እንደ በሽተኛ ያነጋግራል። «የት ላይ ነው የሚያምህ?» እያለ በብረት ዘንግ መታ መታ ያደርገዋል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ራሱን ይነቀንቃል። እሾህ ካገኘ በፒንሳ አይነቅልም፤ በጥርሱ ነው። ነፍቶ ሲጨርስ ደግሞ አንድ የማይቀር ልማድ አለው፤ ቫልቩ ላይ ምራቁን እንትፍ ይላል። ምራቁ አረፋ ካወጣ አየር ያመልጣል ማለት ነው፤ ዝም ካለ ሥራው አልቋል። ቄስም ያምጣው ቃዲ፣ የዞን ኃላፊም ይሁን ሹፌር፣ ጋዲሳ ያልተፋበት ጎማ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ዝና ያለው ሰው ግን አንድ ነውር ነበረበት። ሚስቱ ጎማዋን የምታስነፋው አዲስ አበባ ወስዳ ነበር።

ሚስቱ ወርቂቱ ትባላለች። በዞኑ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፀጉሯን በመርፌ ሰብስባ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ፋይል ስትፈልግ ያያት ሰው እሑድ ቢያያት አያውቃትም። እሑድ የኮርስ ብስክሌቷን ይዛ ትወጣለች። ለብስክሌት የሚለበሰውን ያን ሥጋ ላይ የሚጣበቅ ሱሪ ትለብስና ከላዩ ጉርድ ቀሚስ ታጠልቃለች። ከከተማው ስትወጣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ገብታ ጉርዷን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ የጀርባ ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ስትመለስ እዚያው መልሳ ታጠልቃለች። ይህን የሚያውቁ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያማትባሉ። አባቶችም ያማትባሉ፤ ግን ካዩ በኋላ ነው።

የተገናኙትም በጎማ ነው። በወጣትነቷ ለአውራጃው ቡድን ስትወዳደር አንድ ቀን ጎማዋ ተንፍሶባት ጋዲሳ ዘንድ መጣች። ጠገነላት። በሳምንቱ ደግሞ መጣች። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ትመጣ ጀመር። ጋዲሳ ነገሩ አሳዘነው። «ምን ዓይነት ዕድል ቢኖርሽ ነው እሾህ ሁሉ አንቺን የሚጠብቀው?» ይላት ነበር። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ፣ ጥርት ያሉ፣ አንድ ልክ እንደሆኑ እያየ እንኳ አልነቃም። የነቃው ከተጋቡ በኋላ ነው፤ እሷ ራሷ የፀጉር መርፌዋን እያሳየች በሳቅ ፍርስ ብላ ስትነግረው። ጋዲሳ ይህን ታሪክ ለማንም አይናገርም፤ ግን ሆዱ ውስጥ እንደ ቅርስ አስቀምጦታል። እና እንዲያ ጎማዋን እየበሳች ትመጣለት የነበረች ሴት ዛሬ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሌላ ጎሚስታ ስትሄድ ምን እንደሚሰማው መገመት ነው።

ነገሩ የመጣው ከአዲሱ ጎማ ጋር ነው። ወርቂቱ የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳት ሰይፈዲን ከሚባል አዲስ አበባ ካለ የብስክሌት ዕቃ ነጋዴ ሁለት የውድድር ጎማ ገዛች። ከአውራ ጣት የማይወፍር፣ ሲይዙት እንደ ሸማ የሚተጣጠፍ ነገር ነው። በውስጡ የሚነፋ ካላማዳሪ የሚባል የለውም። ጎማው ራሱ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥና በቫልቩ በኩል ነጭ ፈሳሽ ይጨመርበታል። እሾህ ሲበሳው ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ሮጦ ይረጋና ይደፍነዋል። ወርቂቱ ፈሳሹን «ወተቱ» ትለዋለች። ይህን ጎማ ከሰይፈዲን በቀር ማንም፣ ጋዲሳም ቢሆን፣ እንዳይነካው ከልክላለች።

«በድሮው ጎማ ስሄድ ጠጠሩ ሁሉ በመቀመጫዬ ገብቶ በጥርሴ ይወጣ ነበር» ትል ነበር ለጎረቤት። «በዚህኛው ግን አስፋልቱ ያንሾካሽክልኛል። ዳገት ላይ ከኋላዬ ሰው የሚገፋኝ ይመስለኛል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዞር ስል መንገዱን እንደ ድመት ይቧጥጣል እንጂ አይንሸራተትም።»

ጋዲሳ ይህን ሲሰማ ምራቁን ይውጣል። «ለእኔ እንዲህ ተናግራ ታውቃለች?» ይላል ለራሱ። ብስክሌቷ መኝታ ቤት ውስጥ ታድራለች። ጋዲሳ ሲያንኮራፋ ወደ ሳሎን የሚባረረው እሱ ነው፤ ብስክሌቷ አታንኮራፋም።

ሁሉም ነገር ይቻል ነበር፤ የማዕረግ አፍ ባይኖር። ማዕረግ ከአምቦ ጊንጪ ሚኒባስ የሚነዳ የጋዲሳ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ነው። ጎማው ቢተነፍስም ባይተነፍስም በየቀኑ ግቢው ውስጥ ይቆማል።

«ጋዲሳ» ይለዋል ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቆ፣ «ወርቂቱን ዛሬ ጠዋት እስከ ጊንጪ አሳፍሬያት ነበር። ጎማዋን ታቅፋ።»

«እና ምን ይጠበስ?»

«ምንም። ሰው ሚስቱ ብትታመም ሌላ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ባሏ ሐኪም ካልሆነ። አንተ ግን ጎሚስታ ነህ።»

«ሥራህን ሥራ ማዕረግ።»

«እየሠራሁ ነው። ማድረስ ነው ሥራዬ።»

ባለ ጋሪዎቹ ሳይቀሩ ይስቃሉ። ጋዲሳም በያዘው ጎማ ላይ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ምራቅ ይተፋል።

ጋዲሳ ሀብት አይመኝም፤ ሹመትም አይመኝም። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር። ወርቂቱ ሰው ፊት ቆማ «ይህን ጎማ የነፋው ባሌ ነው» እንድትል። ሌላው ትርፍ ነው።

ዕድሉ የመጣው በሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ወር ላይ ነው። በዞኑ የስፖርት ሳምንት ላይ ከጊንጪ አምቦ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር ነበር፤ ጎልማሳ ሴቶችም የራሳቸው ውድድር ነበራቸው። ባለፈው ጊዜ ወርቂቱ ሁለተኛ ወጥታለች። የቀደመቻት ዶርቃስ የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፖርት የምታስተምር ቀጭን ሴት ናት። የቀደመቻትም በአንድ ጎማ ያህል ብቻ ነው። ወርቂቱ ዓመቱን ሙሉ ያችን አንድ ጎማ ስታልም ከረመች።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የፊት ጎማዋ ለስለስ ብሎ አደረ። ወተቱ ውስጡ ደርቆ ኖሮ ነው። ሰይፈዲንን ደወለችለት። ሰይፈዲን ሐዘን ገጥሞት ጅማ ነበር።

«ሳምንት ነው የምመለሰው እህቴ» አላት። ጋዲሳ አጠገቧ ቆሞ ጆሮው እንደ ጥንቸል ቆሟል። «የሰጠሁሽ ትራፊ አለ አይደል? ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቂና ጨምሪበት፤ ከዚያ ንፊው። ምንም ነገር የለውም።»

ወርቂቱ ስልኩን ዘጋች። ጎማውን አየች፤ ባሏን አየች፤ እንደገና ጎማውን አየች።

«ጋዲሳ።»

«እመት።»

«እጅህን ታጠብ።»

ጋዲሳ በኦሞ ሁለቴ ታጠበ። በጥፍሩ ሥር የነበረው ግሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን አየ። ወርቂቱ ሙሽራ እንደምታስረክብ እናት ጎማውንና ጠርሙሱን አስረከበችው።

«ወተቱን ትጨምራለህ። በእጅ መንፊያ ትነፋለህ፤ በዚያ በኮምፕረሰርህ አይደለም። ምራቅህን እንዳትተፋበት።»

«ሳልተፋ መያዙን በምን አውቃለሁ?»

«ጸልይ» አለችውና ቢሮ ገባች።

ጋዲሳ ጎማውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርሙሱን ነቀነቀ። አልፈስ አለው። ወተቱ ቆይቶ ወፍሯል፤ ማንኪያ ቢያቆሙበት ይቆም ነበር። ቢጨምቀው፣ ቢገለብጠው፣ ከታች ቢመታው ወይ ፍንክች። መቅጠን አለበት። በምን? በርሜሉን አየ። በርሜሉ ውስጥ የምዕራብ ሸዋ ጭቃ ሁሉ አለ፤ የእሱም ምራቅ አለበት። ለወርቂቱ ጎማ እንዲህ ያለ ውሃ አይሆንም። ያን ጊዜ ነው ጥግ ላይ ያለችውን ቢጫ ጀሪካን ያየው።

ጀሪካኗ ውስጥ ያለው ከምንጩ የተቀዳ፣ ምላስ የሚቆነጥጠው የአገሩ ውሃ ነው። አምቦ ውስጥ ይህ ውሃ የማይገባበት ነገር የለም። ሆድ ለነፋው እሱ ነው፤ ለስካር እሱ ነው፤ ቆዳው ለሚያሳክከው እሱ ነው። ጋዲሳ ጀሪካኗን ከፍቶ ፊስ ስትልበት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ሐሳቡም በጣም ጥሩ መሰለው። ጎማ የሚፈልገው ምንድን ነው? ነፋስ። ይህ ውሃ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ነፋስ። ሌላው ውሃ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ይህኛው ግን እየነፋ ይውላል! ሰይፈዲን ጅማ ባይሄድ እንኳ ይህን አይደርስበትም ነበር።

ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረ። ወተቱ ተንፈቀፈቀ፤ አረፋ ደፍቆ በጣቱ ላይ ወረደ። ጋዲሳ እንደ በረከት ቆጠረው። ትኩስ ትኩሱን ጎማው ውስጥ አንቆረቆረ፤ በእጅ መንፊያ ላቡ ጠብ እስኪል ነፋ። ጎማው እንደ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ፤ ማንም የለም። እንትፍ። ምራቁ ዝም አለ።

ወርቂቱ ማታ ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አሽከረከረችው።

«ጥሩ ነው» አለች።

በማግስቱ ይህን ያልሰማ ሰው አምቦ ውስጥ አልነበረም። ጎማ ሊጠግን የመጣውም፣ መንገድ ሊጠይቅ የቆመውም ሰማ። ማዕረግ ብቻ ነው ያልተደነቀው።

«ገና እሑድ አለ» አለ።

እሑድ ጊንጪ ላይ ተሳታፊዎቹ ተሰልፈው ጅምሩን ሲጠብቁ ወሬው ሁሉ የጎማ ነበር። ጋዲሳ የማዕረግ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ያዳምጣል።

«እኔ ትንሽ አስተንፍሼዋለሁ» አለች ዶርቃስ። «በጣም ሲጠነክር መንገዱ ላይ ይነጥራል እንጂ አይሮጥም። ለስለስ ሲል ነው የሚፈጥነው፤ ጥናቱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የኔ ጥናት የለውም» አለች ሐምዲያ፣ ከጌዶ የመጣች ደልደል ያለች የሱቅ ነጋዴ። ጎማዋ እንደ ክንድ ወፍራም፣ ካላማዳሪው ውስጡ ያለ፣ የገበያ መንገድ የለመደ ነው። «እንደ ባለቤቴ ነው። ይከብዳል፤ ዳገት አይወድም። ግን ጥሎኝ ሄዶ አያውቅም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዶርቃስ ወደ ወርቂቱ ዞረች። «የአንቺስ አዴ ወርቂቱ? ሰይፈዲን ነው ያዘጋጀልሽ?»

«አይ» አለች ወርቂቱ የራስ ቁሯን እያሰረች። «የፊቱን ያዘጋጀው ባሌ ነው።»

ጋዲሳ ዐይኑን አበሰ።

«አቧራው» አለው ለማዕረግ።

«አዎ» አለ ማዕረግ። «ከባድ አቧራ ነው።»

ተነሡ። ሚኒባሱ ከኋላ ተከተለ። ከጊንጪ በታች ያለው ሜዳ ላይ ዶርቃስና ወርቂቱ ሁሉንም ጥለው ወጡ። አንዷ ትመራለች፤ ሌላዋ ከነፋሱ ትሸሸጋለች፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ጋዲሳ የሚስቱን ጀርባ ሳይሆን የፊት ጎማውን ነበር የሚያየው። ከዕለተ ሠርጉ ወዲህ እንዲህ ልቡ መትቶ አያውቅም። አንዳንዴ ጎማው ላይ አንድ ነገር ዱብ፣ ዱብ የሚል መስሎት ነበር፤ ግን «ዐይኔ ነው» ብሎ አለፈው።

ወሩ አጨዳ አልቆ መውቂያ ነበርና ገበሬው ስንዴውን አስፋልቱ ላይ ዘርግቶት ነበር። መኪና ሲያልፍበት ያለ በሬ ይወቃል። አስተባባሪዎቹ ቀድመው ሄደው «ዛሬ ውድድር ስላለ አንሡት» ብለው ለምነዋል። ገበሬዎቹ ግን «ውድድር በዓመት አንዴ ነው ይላሉ፤ ስንዴውስ?» ብለው መልሰዋል። ሁለቱ ሴቶች ገለባው ላይ እየተንሿሹ አለፉ። ገለባው ውስጥ ደግሞ የአጥር እሾህ ነበረበት።

መጀመሪያ የዶርቃስ ጎማ ጮኸ። ነጭ ወተት እየረጨ ፊጭ ፊጭ አለ፤ ትንሽ እንደሄደች ዝም አለ። ደፈነው። ዶርቃስ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ከዚያ የወርቂቱ ጎማ ጮኸ። ጋዲሳ «አሁን ይደፍናል» አለ። ጩኸቱ ቀጠለ። «አሁን፣ አሁን» አለ። ፊስስስ ሲል ሲል ቸርኬው መሬት ነካና ወርቂቱ ወረደች።

ሚኒባሱ ሳይቆም ጋዲሳ ዘለለ። ሲደርስ ወርቂቱ ጎማውን ከቸርኬው ላይ በከፊል ገፍታ ውስጡን እያየች ነበር። ጣቷን አስገብታ አንድ ነጭ ጓል አወጣች። ቀጥላ ሌላ። እርጥብ፣ ፍርፍር፣ አጓት የሚንጠባጠብ ነገር ነው። ስንዴያቸውን የሚጠብቁት ገበሬዎች ቀረብ ብለው አዩ።

«ኩን ማሊ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ፣ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ትንሽ አሸተተና ለራሱ መለሰ፤ «አይብ ነው።»

«ጋዲሳ» አለች ወርቂቱ ቀና ሳትል። «ይህ ወተት ለምን ረጋ?»

ከኋላ የነበሩት ሴቶች እየደረሱ ማለፍ ጀመሩ። ሐምዲያ በዚያ ከባድ ጎማዋ እንደ ትራክተር እየተንደረደረች፣ «አይዞሽ እናቴ!» ብላ አለፈች። ጋዲሳ አፉን ከፈተ።

«ያረጀ ነበር» አለ። «መድኃኒቱ ያረጀ ነበር። ያ ሰውዬ...»

«ሰይፈዲን?»

«እኔ እንጃ። ነጋዴ ነው።»

ወርቂቱ ፊቷ ደም ለበሰ። «ይህን ያህል ዓመት አምኜው! እንዲህ ያለ ትራፊ ሰጥቶኝ? ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም!»

ጋዲሳ ይህን ነበር ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው። ሰይፈዲን ተባረረ፤ ጎማው ለእሱ ቀረ። ዝም ቢል በቂ ነበር። ግን በዚያ ጠዋት ጊንጪ ላይ «ያዘጋጀው ባሌ ነው» ስትል የነበራት ፊት መጣበት። ያ ፊት እንዲህ ተሰርቆ የሚገኝ ዕቃ አልመሰለውም። ደግሞም ሰይፈዲን ሐዘን ላይ ነው።

«ወርቂቱ።»

«ምን?»

«ወፍሮ አልፈስ ሲለኝ አቀጠንኩት።»

«በምን?»

«በውሃ።»

«በየትኛው ውሃ?»

«በኛ ውሃ። ባለ ነፋሱ።» ከዚያ ሐሳቡ ቢያንስ ግማሽ ክብር ያስገኝለት እንደሆነ ብሎ ጨመረበት፤ «ከውስጥ እየነፋ ይሄዳል ብዬ ነው።»

ማዕረግ እንኳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፊቱን ወደ ስንዴው አዞረ። ከዚያ ወርቂቱ እጇ ላይ የነበረውን አይብ ወርውራ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ማል ጎቴ ጋዲሳ! ምን አደረግህ! ለሆድ መንፋት የሚጠጣ ውሃ ጎማዬ ውስጥ!»

«ላንቺ ብዬ...»

«ዝም በል። አሁን በምን እሄዳለሁ?»

ጋዲሳ ሸሚዙን ገለጠ። ገበሬዎቹ ደነገጡ። ከሆዱ ዙሪያ፣ ከቀበቶው በላይ፣ አንድ ቀጭን የብስክሌት ካላማዳሪ እንደ መቀነት ታጥቋል።

ወርቂቱ «ካላማዳሪ ይዘህ እንዳትመጣ፤ ሟርት ነው» ብላ አስምላው ነበር። እሱም እጁ ላይ እንዳልያዘ እንጂ ወገቡ ላይ እንዳልታጠቀ አልማለም።

«ከድሮው ብስክሌትሽ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

«ፍጠን!»

ከዚህ በኋላ ያለውን ማዕረግ ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ይቀየራል፤ ሳይቀልድ የሚያወራው ታሪክ ይኸ ብቻ ነው። ጋዲሳ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ጎማውን በእጁ ብቻ ገፎ አወጣው። አይቡን በሸሚዙ ጠረገ። ጣቱን በጎማው ውስጥ ዙሪያውን አዞረና አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ጎማውን ወደ አፉ አስጠግቶ እሾሁን በጥርሱ ነቅሎ ተፋ። የጎማውን ቫልቭ ፈታ፤ ካላማዳሪውን አስገባ፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ እየገፋ መለሰው። ወርቂቱ የእጅ መንፊያዋን ከብስክሌቱ ላይ አውርዳ አቀበለችው። ነፋ። ጠነከረ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ቫልቩ ጎንበስ አለና፣ ትዝ ሲለው፣ አፉ ውስጥ የሰበሰበውን ይዞ ቀና አለ። ጉንጩ አብጧል።

ወርቂቱ አየችው።

«ትፋ» አለችው።

እንትፍ። ምራቁ ዝም አለ። ወርቂቱ ወደ ኮርቻዋ ዘላ ወጥታ ሄደች።

ዶርቃስ አንደኛ ወጣች። ሐምዲያ፣ ጥናት በሌለው ጎማዋ፣ ሁለተኛ ሆና ከማንም በላይ ራሷ ተገረመች። ወርቂቱ ከመጨረሻው ተነሥታ አንድ በአንድ እየለቀመች አራተኛ ገባች። ሽልማት ያለው እስከ ሦስተኛ ነው። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ አላርፍ ብሎ «አዴ ወርቂቱ፣ ምን ገጠመዎት?» ሲላት ማጉያውን ተቀበለችው።

«ባሌ ጎማዬ ውስጥ አይብ ሠርቶ ነበር» አለች። «ከዚያ አወጣው።»

አምቦ ሳቀች። የቀረው የበዓሉ ንግግር ማንም ሳይሰማው አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ጋዲሳ ገና ቆርቆሮውን ሳይከፍት ማዕረግ ቆጮ ጠቅልሎ ይዞ ቆሞ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ አይብ አለ?»

«ሂድ ከዚህ።»

«ክትፎውንም ባለ ጋሪዎቹ ይዘው እየመጡ ነው። ለሠርግ ሁለት በግ ቢታረድ እንኳ እንዲህ አይደገስም።»

እውነትም ባለ ጋሪዎቹ መጡ፤ ክትፎ ግን አልያዙም፤ ሳቅ ብቻ ነው። የጋዲሳ ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋዲሳ አይቤ» ሆነ፤ ጌዶ ድረስ በዚህ ስም ነው የሚታወቀው። ሳቁ ደራ ባለበት ሰዓት ወርቂቱ ብስክሌቷን እየገፋች ገባች። የፊቱንም የኋላውንም ጎማ አውልቃ፣ የጋሪ ጎማዎች በሚሰቀሉበት ምስማር ላይ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው።

«ወተቱን አውጣልኝና ካላማዳሪ አግባበት» አለች። «ሁለቱም ላይ።»

ጋዲሳ ቀና ብሎ ጎማዎቹን አየ። «ሰይፈዲንስ?»

«ሰይፈዲን ወተት ያውቃል። እሾሁ ላይ ግን የነበርከው አንተ ነህ።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውን ጠጣው!» አለችና ወደ ቢሮዋ ሄደች።

ጋዲሳ ማንም ሳያዘው እጁን ታጠበ።

ከዚያ ወዲህ ወርቂቱ አስፋልቱ እንደ በፊቱ እንደማያንሾካሽክላት ትናገራለች። ካላማዳሪው ትንሽ ያከብደዋል፤ ዳገት ላይም የሚገፋት ሰው ጠፍቷል። ቢሆንም አልቀየረችውም።

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ተንፍሶ የተኛ ጎማ ይዛ መጣች። ጋዲሳ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» እያለ ካላማዳሪውን ነፍቶ በርሜሉ ውስጥ ነከረው። አረፋ ብቅ አለ። አወጣና ቀዳዳውን ፈለገ። ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ጥርት ያለ። ጋዲሳ ዐይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ፤ እንደገና አየው።

«ምንድን ነው?» አለ ማዕረግ አንገቱን አስግጎ።

ጋዲሳ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ወርቂቱ ወደ ጉደር የሚሄደውን መኪና እያየች ቆማለች፤ የተፈታ ፀጉሯን በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛዋለች።

«እሾህ ነው» አለ ጋዲሳ፣ ማስቲሹን እየከፈተ። «ክፉ እሾህ ነው።»